ለሎሴ የተቆፈረ ጉድጓድ

አክስቴ ላቪኒያ ላምባ አርከፍክፈው ያቃጠሉኝ በጠራራ ፀሐይ፣ እናትና አባቴ እያዩ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ አሸዋው ላይ ትንከባለላለች፤ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ የመንደሩ ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል። እኔ ደግሞ ከሰው እግር መሃል ሆኜ ራሴ ስነድ አያለሁ። እሳቱ መጀመሪያ ሥሬን ያዘ፣ ከዚያ ወገቤን፣ ከዚያ እየተንጣጣ ወደ አናቴ ወጣ።

ይህን ስናገር የሌላ አገር ሰው ያበድኩ ይመስለዋል። በእኛ ደሴት በሞቱሎአ ሕፃን ሲወለድ እትብቱ ይቀበርና በላዩ የኮኮናት ችግኝ ይተከላል። ከዚያ ወዲያ ዛፉና ልጁ አንድ ናቸው። «ሎሴ ዘንድሮ ረዘመች» ሲባል እኔ ልሁን ዛፌ የሚጠይቅ የለም። አንዲት ሴት «ባሌን ምስጥ በላብኝ» ብላ ብታለቅስ የሚስቅ የለም። ዛፉ ላይ ይወጣል፣ ፍሬው ይለቀማል፣ ቅጠሉ ሰሌን ይሠራበታል፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ግን አይቆረጥም፣ አይቃጠልም። ንፋስ ቢጥለው እንኳ በወደቀበት ተኝቶ በራሱ ጊዜ አፈር እስኪሆን ይጠበቃል። የሞተ ልጅ ዛፍማ ይብሳል፤ ወላጆቹ አፈር እስኪገቡ ማንም እጁን አያሳርፍበትም።

አውሎ ነፋሱ የመጣው የምንበላው ሥር፣ ቦዬው፣ ከማሳው ሳይነቀል ነው። አባዬ እኔንና እማዬን ከትልቁ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጋር በመረብ ገመድ ጠፍሮ አሰረንና ራሱን በእኛ ላይ አሰረ። ባሕሩ ከኋላችን መጥቶ በፊታችን ወጣ። አሳማዎቻችን እየጮኹ ባጠገባችን ተወሰዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ተራ በተራ እየተላቀቀ ይበር ነበር፤ አንዱ ሴሚሲን አገኘው። ሴሚሲ የጎረቤታችን የጋሼ ቫካ ልጅ፣ የእኔም እኩያና የጨዋታ ጓደኛ ነበር። እማዬ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችው፤ በጣቶቿ መሃል ግን አየሁ። ጋሼ ቫካ ልጁን ታቅፎ፣ ራሱን ከአንገቱ ጋር ገጥሞ በሁለት እጁ እየጨመቀ፣ «ያዝ! ያዝ እንጂ አንተ ልጅ! ያዝ!» ይል ነበር። ጋሼ ቫካ ጠንካራ ሰው ስለነበር ሴሚሲ የሚያያዝ መስሎኝ ነበር።

ንፋሱ ሲበርድ የጎደሬው ማሳ የጨው ኩሬ ሆኗል። ቦዬው ከነአፈሩ ታጥቦ ሄዷል። የቀረን ኮኮናት ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሹ ወድቋል። የእኔና የሴሚሲ ዛፎች አብረን ስለተወለድን ጎን ለጎን የተተከሉ ነበሩ፤ ጎን ለጎን ወድቀው አናታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ተኝተዋል። ጋሼ ቫካ ሴሚሲን እዚያው አቅራቢያ፣ ከአሸዋው ጉብታ ላይ ቀበረው። ከዚያ በኋላ በመቃብሩና በወደቀው ዛፍ መሃል ሲመላለስ ይውል ነበር። እኔን ባየኝ ቁጥር ከጓሮው ከተረፈችው አገዳ ይሰጠኛል። «ብይ የኔ ልጅ፣ የሱንም አንቺ ብይለት» ይለኛል። በደሴቱ ላይ ከሱ የበለጠ የሚወደኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ጥንዚዛው መጣ። ከእርዳታ ጀልባው ጭነት ጋር ነው የገባው ይላሉ። አውራ ጣት የሚያህል፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ አፍንጫው ላይ ቀንድ ያበቀለ ነገር። እኔ ከሱ የሚያምር ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ቀንዱ ላይ ክር አስሬ አበረዋለሁ፤ እያጉረመረመ ራሴን ሲዞረኝ «ሴሚሲ ባየው» እላለሁ። የዛፌን የበሰበሰ ቅርፊት ስገልጠው ደግሞ ውስጡ ነጫጭ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ ትሎች ተጠቅልለው ተኝተዋል። ልጅ የወለድኩ መሰለኝ። በቅጠል አለብሳቸውና «እሹሩሩ» እላቸው ነበር።

ትልልቆቹ ካቫቸውን፣ ያን ከሥር የሚጨመቅ የሚያደነዝዝ መጠጥ፣ ከበው ሲጠጡ ሌላ ወሬ ያወሩ ነበር። «የፓስተሩንም ልቡን በላው» ይላል አንዱ። «የኔም ሚስት ልቧ ተቦርቡሯል፣ ከእንግዲህ ቅጠል አታወጣም» ይላል ሌላው። እኔ ፓስተሩን እሑድ እሑድ ደረቱን ትክ ብዬ አየዋለሁ፤ ልብ የሌለው ሰው እንዴት እንዲህ ይጮኻል እያልኩ እገረማለሁ። ነገሩ የሚያስገርም አልነበረም። ጥንዚዛው ቆሞ የቀረውን ዛፍ ከአናቱ ሰርስሮ ይገባና እንቡጡን ይበላዋል፤ እንቡጡ ከተበላ ዛፉ ቆሞ ይሞታል። የሚፈለፈለው ደግሞ በወደቀው ግንድ ውስጥ ነው። እኔ እሹሩሩ የምላቸው ልጆቼ አድገው ነበር የፓስተሩን ልብ የበሉት።

ከዋናው ደሴት አንድ የግብርና ሰው በጀልባ መጥቶ የወደቀውን ሁሉ አቃጥሉ አለ። አለበለዚያ የቆመውም ያልቃል፣ የሚበላ ይጠፋል፣ መርከብ መጥቶ ሁላችሁንም ጭኖ የሰው አገር ይበትናችኋል አለ። ሰዎቹ አዳመጡት። ባለቤት የሌለውን ግንድ ሁሉ ያኔውኑ አቃጠሉ። የቀረው ግን ሁሉም ሰው ነበር። «ይኸውልህ፣ ይቺ እናቴ ናት» አለው አንዱ ሽማግሌ፣ በእግሩ ሥር የተጋደመውን ግንድ እያሳየ፤ «ያንተን እናት መጀመሪያ አቃጥልና ጭሱን ሳይ እከተልሃለሁ።» የግብርናው ሰው ጀልባው ላይ ወጥቶ ሄደ።

አሁን አክስቴን ላስተዋውቅ። በእኛ ዘንድ የአባት እህት ከአባት በላይ ናት። የወንድሟን ቤት ዕቃ ያለ ጥያቄ ታነሣለች፤ የወንድሟን ልጅም እንደዚሁ። ወንድም እህቱ በተቀመጠችበት አይገባም፣ ዓይኗን አያይም፣ በፊቷ ነውር አይናገርም፣ አይሟገታትም። አክስቴ ላቪኒያ የአባዬ ታላቅ ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ ያልወለዱ፣ እንደ ወንድ ታንኳ የሚቀዝፉ፣ ቁጣቸው ከነፋሱ የማይተናነስ ሴት። እኔ ከርቀት ሲመጡ ካየሁ ዛፍ ላይ እወጣ ነበር።

አንድ ቀን አባዬ ከእሳቸው ደጃፍ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እሳቸው ውስጥ ናቸው፤ በመሃላቸው የሰሌን መጋረጃ አለ። ተጠግቼ ጆሮዬን ብቀስር የአክስቴን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። «ልጅቷ የኔ ናት» ይላሉ። «አንተ አርፈህ ቁጭ በል። እናቷም ብትጮህ ትጩህ። እኔ ያልኩት ይሆናል።»

አባዬ «እሺ እትዬ» አለ። ወደ ቤት ሲመለስ በመንገዱ ተደብቆ ሲያለቅስ አየሁት፤ ፈሪ አባት እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ወይም ያወቅሁ መሰለኝ።

በነጋታው አክስቴ መጥረቢያና አንድ ጣሳ ላምባ ይዘው መጡ። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ሰው ሁሉ ዛፌ ጋ ተሰብስቧል። እማዬ ከግንዱ ላይ ተኝታ እጅና እግሯን አቆላለፈችበት። አክስቴ ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ሲሉ እማዬ ክንዳቸውን ነከሰች፤ አለቀቀችም። አክስቴ በተነከሰው ክንዳቸው ራሱ አንሥተው አሸዋው ላይ ወረወሯት።

«ጨካኝ! ምን አደረገችሽ? ልጄ ምን አደረገችሽ?» ትላለች እማዬ፤ ከአፏ የአክስቴ ደም እየወረደ።

አክስቴ ከእኔና ከሴሚሲ ግንድ መሃል ያለውን ደረቅ ሣር በመጥረቢያ ጠረጉ፤ ከዚያ ላምባውን ደፉት። ክብሪቱን ከመጫራቸው በፊት ዞረው ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ።

«ስሙኝ። ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ስለዚህ የኔ ናት። በቤቴ አስቀምጣታለሁ። አዲሷ ጨረቃ እስክትወጣ ከታመመች፣ ካሳላትም፣ እኔን እዚሁ አመድ ላይ አቃጥሉኝ። ምንም ካልሆነች ግን ሁላችሁም ታቃጥላላችሁ። እናቴ፣ ልጄ፣ ባሌ የለም።»

«በሰው ልጅ ነው ውርርድ የያዝሽው?» አለ ጋሼ ቫካ። ዓይኑ ቀልቷል። «ያልወለደ ማኅፀን ምን ያውቃል! አንቺ መካን፣ የኔን ልጅ ግንድ ንኪና እጅሽን አያለሁ!»

«ያንተን አልነካም» አሉ አክስቴ። «ያንተን ራስህ ታቃጥለዋለህ።»

ክብሪቱን ጫሩ። ልጆቼ፣ እነዚያ ነጫጮቹ፣ በእሳቱ ውስጥ እየተንፈራገጡ ሲፈነዱ ሰማሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መቃጠሌ እስኪሰማኝ ጠበቅሁ። ጭሱ ጉሮሮዬን ዘጋው። ስለዚህ ሞት እንዲህ ነው የሚጀምረው ብዬ አሰብሁ።

አክስቴ እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ፤ አባዬም ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ጊዜ የሰማሁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ አዲሷ ጨረቃ። አዲሷ ጨረቃ ስትወጣ እሞታለሁ። ማንም አላስረዳኝም፤ ልጅን ማስረዳት በእኛ ዘንድ ልማድ አይደለም።

እንደ አክስቴ ቤት የጠገብሁበት ጊዜ የለም። ሰው ሁሉ ያልበሰለ ኮኮናትና የባሕር ሣር ሲያኝክ ለእኔ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ዓሣ ይቀርብልኛል። ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም። «ብይ!» ይሉኛል። ስጨርስ «ጨምሪ!» ይሉኛል። እሳቸው አይበሉም። በዓል ሲደርስ የሚታረድ አሳማ እንዴት እንደሚቀለብ አይቻለሁና ለምን እንደምቀለብ አውቄያለሁ ብዬ ማታ ማታ እነፈርቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንገቴን በመዳፋቸው ይለካሉ፣ ግንባሬን ይነካሉ፣ ምላሴን ያያሉ። ቆንጨራ ከሚተኙበት ሰሌን ሥር አይጠፋም።

ከሁሉ የከፋው ሳሉ ነበር። ከእሳቱ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ሰው በደጅ ሲያልፍ ካሳለኝ አክስቴ ከየትም ዘለው አፌን ያፍኑኛል። ያ የሚሸት፣ ሻካራ መዳፋቸው አፍንጫዬን ጭምር ይደፍነዋል። ዓይኔ እስኪፈጥጥ ይይዙኛል። መንገደኛው ሲርቅ ይለቁኛል፤ እሳቸውም እንደኔው ያለከልካሉ። ጨረቃዋን እንኳ ሳይጠብቁ ሊጨርሱኝ ነው እል ነበር። ዛሬ እኔ ያኔ እሳቸው ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ የዚያች አንዲት ሳል ዋጋ ስንት እንደነበር አውቃለሁ። አንድ መንገደኛ ሰምቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሞቱሎአ የሚኖር ሰው አይኖርም ነበር።

በመስኮቱ በኩል የአሸዋው ጉብታ ይታየኛል። አንድ ቀን ጋሼ ቫካ ከሴሚሲ መቃብር አጠገብ ሲቆፍር አየሁት። ጎደሬ ሊተክል መስሎኝ «ጋሼ! እዚያማ አይበቅልም፣ ጨው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝና እጁን አውለበለበልኝ። ከዚያ ተመልሶ መቆፈሩን ቀጠለ። አክስቴ ወዴት እንደማይ ሲያዩ መስኮቱን በሰሌን ዘጉት።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ስለሌለው መዝሙሩ ደሴቱን ሁሉ ሞልቶታል። እኔና አክስቴ ብቻ ቀርተናል፤ እሳቸው ከማድ ቤት እሳት ይቆሰቁሳሉ። የመስኮቱ ሰሌን ገለጥ አለና የጋሼ ቫካ ፊት ብቅ አለ። በአንድ እጁ የተላጠ አገዳ፣ በሌላው የላጠበት ቆንጨራ።

«ሎሴዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሴሚሲ ይጠራሻል።»

«የት ነው?»

«እዚያ ታች። ብቻውን ፈራ። ጨለማ እንደሚፈራ ታውቂ የለ?»

«ድኖ ነው?»

«ነይ፣ ራስሽ ታይዋለሽ።»

ደስ አለኝ። ደስታዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ከአክስቴ እጅ ሊያወጣኝ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር እሱ እንደሚሆን አውቅ ነበር። በመስኮቱ ዘለልሁና አገዳዬን እየመጠጥሁ እጁን ያዝሁ። እጁ አፈር አፈር ይሸታል። በተቃጠለው ዛፌ አመድ ላይ አልፈን ወደ ጉብታው ወጣን። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ በውስጡ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል። «ሴሚሲስ?» አልኩት። ጋሼ ቫካ ተንበርክኮ ፊቴን በመዳፉ ዳሰሰኝና «ዓይንሽን ጨፍኚ የኔ ልጅ፣ ይመጣል» አለኝ። ጨፈንሁ።

ቀጥሎ የሰማሁት እንጨት አጥንት ሲመታ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አክስቴ የታንኳ መቅዘፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ጋሼ ቫካ በአፍጢሙ ተደፍቷል። ሁለተኛ መቱት። ሦስተኛ ሲያነሡ ተገልብጦ ቆንጨራውን ሰነዘረ፤ መቅዘፊያው ከነጣታቸው ተቆርጦ ወደቀ። ጣቶቹ አሸዋው ላይ ነበሩ። ሁለት።

«ጋሼን ተዉት!» ብዬ ባታቸውን ነከስሁ። እንደ እናቴ ነከስሁና እንደ እናቴ አልለቀቅሁም። አክስቴ ላዬ ላይ ወደቁ። ክብደታቸው ደረቴን ደፈጠጠው፤ ደማቸው አፌ ውስጥ ገባ። በቃ፣ አሁን ሊጨርሱኝ ነው አልኩ። ከላያችን ጋሼ ቫካ ሲጮህ ይሰማኛል፤ «ልቀቂያት! የሱ ናት! ብቻውን ነው! ብቻውን ነው ልጄ!» ቆንጨራው የአክስቴን ትከሻ ሲመታ በእሳቸው ሥጋ በኩል ለእኔም ተሰማኝ። እሳቸው አልተነሡም። እንዲያውም ይበልጥ ተጫኑኝ።

መዝሙሩ ተቋረጠ። ቀድሞ የደረሰው አባዬ ነው። ያ ፈሪ ያልሁት አባቴ፣ እህቱን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በላያችን ተሻግሮ ጋሼ ቫካ ላይ ወደቀበት። በቡጢ መታው፤ ጥርሱ ረገፈ። በድንጋይ መታው። ጋሼ ቫካ መከላከሉን ሲተው እንኳ አላቆመም።

«ፊፊታ!» አሉ አክስቴ፣ አባዬን በስሙ ጠርተው። «ተው!»

አልሰማም።

«ፊፊታ፣ እኔ እትዬህ ነኝ የምልህ! ገደልከው፣ ወንድሞቹ ደግሞ አንተን፣ ከዚያ ማን ቀረ? ግንዱን ጥንዚዛው ሊያቃጥለው ነው?»

አባዬ ድንጋዩን ጣለ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠ ሲደርስ አክስቴ ተነሥተው ቆመው ነበር። እጃቸው ይንጠባጠባል፤ ትከሻቸው ተከፍቷል። «አገዳ ስቆርጥ ቆንጨራው ሳተኝ» አሉ። «ቫካ ሊረዳኝ ሲሮጥ ወደቀ።»

የቫካን አፍ፣ የአባዬን እጅ፣ ጉድጓዱን የማያይ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርሁ የጮህኩት፤ «ውሸታቸውን ነው! ጋሼን በመቅዘፊያ መቱት! እሳቸው ናቸው!» አባዬ አፌን ያዘኝ። አክስቴ ግን ከእሱ ነጥቀውኝ ልብሴን ገፈው፣ በዚያ በቆሰለ እጃቸው ከፍ አድርገው ለሰው ሁሉ አሳዩኝ። ከራሴ እስከ እግሬ በደም ተለውሻለሁ።

«እዩዋት! ደሙ የኔ ነው። ጭረት ካለባት አሳዩኝ! ሳል ካለባት አሰሙኝ!»

ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ያንን መዳፍ አሰብሁና ዋጥሁት።

አዲሷ ጨረቃ እንደ ጥፍር ቀጥና ወጣች፤ እኔም አልሞትሁም። ጠዋት ሰው ሁሉ ችቦ ይዞ ወጣ፤ ቆመው ይተያያሉ እንጂ የሚቀድም የለም። ጋሼ ቫካ አበጥ ባለ ፊቱ እያነከሰ መጣ፤ የሴሚሲን ግንድ አቅፎ ሳመው፣ ከዚያ ለኮሰው። እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ፀጉሩ ሲለበለብ እንኳ ፈቀቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ደሴቱ ሁሉ ነደደ። እያንዳንዱ ራሱን እያቃጠለ ያለቅስ ነበር፤ ያ «እናቴ ናት» ያለው ሽማግሌ እናቱን በስሟ እየጠራ ላምባ ያርከፈክፋል። ትሎቹ ሲጠበሱ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ርቦን ስለነበር እኛ ልጆቹ ምራቃችንን እየዋጥን እናይ ነበር።

በበነጋታው አክስቴ የታሰረ እጃቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸው። ብብታቸው ሥር የበቀለ ኮኮናት፣ መዳፋቸው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አለ። ጋሼ ቫካ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። አባዬ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጥቅልሉን ወደ ጉድጓዱ ሲጥሉት መተት ነው፣ ሳልሞት ስለቀረሁ አሁን ደግሞ ሊደግሙብኝ ነው ብዬ እማዬ ጋ ሮጥሁ። ዓመታት ሙሉ በዚያ ጉብታ አጠገብ አላለፍሁም።

የቆሙት ዛፎች ተረፉ። መርከቡም አልመጣም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ሆድ ያባው ግን በካቫም ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጀ። የነገረኝ አክስቴን ቀብረን የተመለስን ዕለት ነው፤ እኔም ልጅ ወልጄ ነበር።

«ያን ቀን በሰሌኑ ጀርባ የለመንኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «በሎሴ ጀምሩልኝ እትዬ፣ የራሴን ሳላቃጥል የሰውን አቃጥሉ ማለት አልችልም፣ አባት ደግሞ በገዛ እጁ ልጁን አያቃጥልም አልኳት። እምቢ አለች። ‘ብትሞትብህስ?’ አለችኝ። እሷም ታምንበት ነበር እኮ ሎሴ። እንደኛው ታምን ነበር። ለምኜ ለምኜ ነው ‘ልጅቷ የኔ ናት፣ አንተ አርፈህ ቁጭ በል’ ያለችኝ። ብትሞቺ ሰው እኔን እንዳይረግም፣ እሷን እንዲረግም።»

አነባሁ። መዳፋቸው አፍንጫዬ ላይ ያለ መሰለኝ፤ አሁን ቢኖርልኝ እስመው ነበር።

«ያ ጥቅልልስ?» አልሁት።

«ጣቶቿ ናቸው። እትብትሽ በዛፍሽ ሥር ተቃጥሏል፤ ያለ ሥጋ ደግሞ ሰው አይተከልም። ወደ ጉድጓዱ ወረወረቻቸውና የበቀለውን ኮኮናት ለቫካ ሰጠችው። ‘ይሄን ጉድጓድ ለማን ነበር የቆፈርከው?’ አለችው። ‘ንገረኝ እንጂ!’ አለችው። ‘ለሎሴ’ አለ፤ እያለቀሰ። ‘እንግዲያው’ አለችው፣ ‘ሎሴን ትከላት።’»

ተከለኝ።